ሳንቲ ላይ የወደቀችው ሴስና 340፦ «ከፍታ ጨምር» የተባለ አብራሪ ለምን ወረደ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 2021 ከዩማ፣ አሪዞና ተነስታ ወደ ሳን ዲዬጎው ሞንትጎመሪ-ጊብስ አውሮፕላን ማረፊያ ስታመራ የነበረችው ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን፣ ሴስና 340፣ ሳን ዲዬጎ አጠገብ ባለችው ሳንቲ ከተማ ውስጥ መኖሪያ ቤቶች ላይ ወድቃ አብራሪውና መሬት ላይ የነበረ የዕቃ አድራሽ ሾፌር ሞተዋል። በአይኤልኤስ (አውሮፕላንን በደመና ውስጥ በሬዲዮ ምልክት ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራ ሥርዓት) እየቀረበ ሳለ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ከመስመሩ ወደ ቀኝ እየወጣ መሆኑን ነገረው፤ እሱም እያስተካከለ እንደሆነ መለሰ። ቀጥሎ ከፍታ እንዲጨምር በተደጋጋሚ ታዘዘ። ታዲያ ለምን ወረደ? ለአይኤልኤስ ልምምድ የምትዘጋጁ ብዙ ስለሆናችሁ ዝርዝሩን ብታስረዱን።

መልስ 1
መርማሪዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ በደመና ውስጥ የአቅጣጫ ስሜቱ ተዛብቶ መቆጣጠር ተስኖታል የሚል ነው። ነገሩ ያለው ጆሮ ውስጥ ነው። ቀስ ብሎ የጀመረን መታጠፍ የውስጥ ጆሮ ፈሳሽ ጨርሶ ላያሳውቅህ ይችላል። ያሳወቀህም ቢሆን፣ መታጠፉ በአንድ ፍጥነት ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ከቀጠለ ፈሳሹ እኩል መዞር ይጀምርና ቀጥ ብለህ የምትበር ይመስልሃል። ክንፉን ስታቃና ደግሞ ወደ ተቃራኒው የዞርክ ይመስልሃል፤ ስለዚህ መልሰህ ታጋድለዋለህ።
«ከፍታ ጨምር» ስትባል ሌላ ወጥመድ አለ። ጉልበት ስትጨምር አውሮፕላኑ ይፈጥናል፣ ጀርባህ ወንበሩን ይጫናል፣ አፍንጫው ከሚገባው በላይ የተነሳ ይመስልሃል፤ እጅህም መሪውን ወደፊት ይገፋል። በዚያ ላይ አንገትህን ደፍተህ ሬዲዮ ወይም ታብሌት ከነካህ ማዞሩ ይብሳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ አቲቱድ ኢንዲኬተሩ (የአውሮፕላኑን ዘንበልታ ከአድማስ አንጻር የሚያሳየው መሣሪያ) ላይ ክንፍህን አቃና፣ ሙሉ ጉልበት ስጥ፣ አፍንጫውን ወደ መውጫ ልክ አንሳና ያዝ፤ በአልቲሜትሩ (የከፍታ መለኪያው) ከፍታ መጨመርህን ካረጋገጥክ በኋላ ጎማውንና ፍላፑን (የክንፉን ተዘርጊ ክፍል) ሰብስብ። ሬዲዮ መጨረሻ ነው። ተቆጣጣሪው አምስት ሰከንድ ይጠብቃል።

መልስ 2
ወንድሜ ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለው የበለጠ ያሳስበኛል። ከሎካላይዘር (የማኮብኮቢያውን መሃል መስመር ግራና ቀኝ ከሚያሳየው የአይኤልኤስ ምልክት) መውጣት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዝግጅት ነው። ፍሪኩዌንሲውን አስገባ፣ ጣቢያው ትክክለኛው መሆኑን የሚነግርህን የሞርስ መለያ ድምፅ ስማ፣ የመጨረሻውን ኮርስ አስተካክል። የአቅጣጫ መሣሪያው መርፌ ከጂፒኤስ ወደ አይኤልኤስ መዞሩን በዓይንህ እይ፤ ይህ ተረስቶ መርፌው መሃል ላይ ሆኖ የሚያሳስት ጊዜ አለ። መስመሩን ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ማዕዘን ያዝ። ሲወጣ አምስት ዲግሪ አስተካክለህ ጠብቅ፤ መርፌውን አታሳድድ። ወደ ማኮብኮቢያው በቀረብክ ቁጥር ምልክቱ ይጠብባል፦ መግቢያው ላይ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ 700 ጫማ ብቻ ነው።
ከመጨረሻው የአቀራረብ ነጥብ ካለፍክ በኋላ መርፌው ጫፍ ከነካ ጎ አራውንድ አድርግ፤ ማለትም ማረፉን ትተህ እንደገና ወደ ላይ ውጣ። ድርድር የለውም።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልን። የውሸት ግላይድ ስሎፕ (የመውረጃ ማዕዘኑን የሚያሳየው የአይኤልኤስ ምልክት) ደግሞ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል?

መልስ 3
በሳንቲ ጉዳይ ከመስመር መውጣቱ ወደ ጎን ስለነበር ያ አያስረዳውም። የውሸት ምልክቱ የሚያጋጥመው ከላይ መጥተህ ለመያዝ ስትሞክር ነው፤ ትክክለኛው 3 ዲግሪ ከሆነ አንዱ 9 ዲግሪ አካባቢ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 አይንድሆቨን ላይ አንድ ቦይንግ 737 እንዲህ ያለ ምልክት ይዞ ኦቶፓይለቱ አፍንጫውን በድንገት አንስቶታል። ሁልጊዜ ከታች ያዝ፣ የመጨረሻው የአቀራረብ ነጥብ ላይ ስትደርስ አልቲሜትሩን በቻርቱ ላይ ካለው ከፍታ ጋር አወዳድር። 3 ዲግሪ በአንድ ኖቲካል ማይል ወደ 318 ጫማ ያወርዳል።
የመውረጃ ፍጥነት የሚሰላው ከመሬት አንጻር ባለህ ፍጥነት ነው፦ በኖት ያለውን በ5 አባዛው። በባሕር ጠለል፣ ነፋስ በሌለበት፣ በ90 ኖት 450 ጫማ በደቂቃ ይመጣል። ቦሌ ግን ወደ 7,600 ጫማ ላይ ስለሆነ መለኪያው 90 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ከ100 ኖት ያልፋል፤ ከ500 ጫማ በላይ ያስፈልግሃል። 450ን በቃሉ የያዘ ተማሪ ከግላይድ ስሎፑ በላይ ይቀራል፣ ከዚያ ለመድረስ አፍንጫውን ይደፋል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ሎካላይዘሩም በዚያው መካከል ያመልጠዋል።