ካሳ ግራንዴ፣ አሪዞና፦ ለዊንተር የሚመጡ አርቪዎች ወራት እንዲቀመጡ ቦታው ምን ይሟላለት?

ቁልቋል አበባ

ሰላም ወገኖች። ከካሳ ግራንዴ ወጣ ብሎ፣ አይ-8 እና አይ-10 አውራ ጎዳናዎች ከሚገናኙበት ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ተኩል ኤከር ላይ ያረፈ ባለ ሦስት መኝታ የኪራይ ቤት አለን። ቤቱ ተከራይ አለው፣ ከኋላ ያለው መሬት ግን ባዶውን ነው። ከኦክቶበር እስከ ማርች ብርድ ሸሽተው በአርቪ (እየተነዳ ወይም እየተጎተተ በሚሄድ የመኪና ቤት) ለሚወርዱት ጡረተኞች፣ ስኖውበርድ ለሚባሉት፣ ሦስት ቦታ አዘጋጅተን በወር ሒሳብ ለማከራየት አስበናል። የቤቱ መብራት 200 አምፕ ነው፣ ፍሳሹ ሴፕቲክ (ግቢው ውስጥ የተቀበረ የፍሳሽ ታንክ)፣ ውሃው ከኩባንያ መስመር ይመጣል። አድረው የሚሄዱ ሳይሆን አራት አምስት ወር የሚቀመጡ ነው የምንፈልገው። ገንዘቡ መጀመሪያ የት ላይ ይውጣ? ማስታወቂያውስ የትና መቼ?

ሰነድ ይቅደም

እህቴ፣ ጠጠር ከማስደፋትሽ በፊት ፒናል ካውንቲ ፕላኒንግ ቢሮ ሂጂና የመሬቱን ፓርሰል ቁጥር ሰጥተሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። በዚህ ዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም ደንብ) ላይ ሰው አርቪ ውስጥ እየኖረ ኪራይ መክፈል ይፈቀዳል? ከተፈቀደስ ስንት ቦታ ሲደርስ ነው እንደ አርቪ ፓርክ የሚቆጠረው? አርቪ ማቆም ሌላ፣ አርቪ ውስጥ መኖር ሌላ ነው፤ ማቆም የሚቻልበት መሬት ሁሉ መኖር ይቻልበታል ማለት አይደለም። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ይህ ሳይጣራ ተጀምሮ ጃንዋሪ ላይ ጎረቤት ቢያመለክት፣ ፓርኩ ሁሉ በሞላበት ወር እንግዳውን ከነቤቱ ማስነሳት ሊመጣ ነው።

ሁለተኛው ሴፕቲኩ ነው። መጠኑ የተሰላው ለቤቱ መኝታ ክፍሎች ነው፤ በዚያ ላይ ሦስት አርቪ ሲጨመር የሚጎዳው ታንኩ ሳይሆን ፍሳሹ የሚሰርግበት ሜዳ ነው። የአርቪ ሽንት ቤት ውሃ ስለሚቆጥብ ፍሳሹ ከቤት ፍሳሽ የወፈረ ነው። ፎርማልዴሃይድ ያለበት የታንክ ኬሚካል ደግሞ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ስለዚህ ውሉ ላይ ኬሚካሉ ይከልከል፣ ሴፕቲኩም ተጨማሪውን ይችል እንደሆነ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ያስላው።

ሌላው የጊዜው ነገር ነው። ከ30 ተከታታይ ቀን በታች ካከራየሽ በአሪዞና ሕግ እንደ ማረፊያ ስለሚታይ ታክሱ ይለያል። ከ180 ቀን ካለፈ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የአርቪ ቦታ ኪራይ የወጣ የተለየ ሕግ አለ፤ ማስለቀቂያውም ማስታወቂያውም በእሱ ይመራል። ውሉ ከሁለቱ መካከል ቢሆን፣ ለምሳሌ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31፣ ለጀማሪ ይቀላል። የቤት ኢንሹራንስሽ ይህን እንደማይሸፍን ገምተሽ ጀምሪ፣ ኢንሹራንሱንም አናግሪ።

ባለ ሽቦው

ትልቁ ወጪም ትልቁ ጥፋትም መብራቱ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው።

ሁለት ኤሲ ያላቸው ትልልቅ አርቪዎች የሚፈልጉት 50 አምፕ ነው። ሶኬቱ ኔማ 14-50 ይባላል፤ አራት ቀዳዳ፣ 120/240 ቮልት፣ እስከ 12,000 ዋት። ትንንሾቹ ቲቲ-30 ላይ ይሰካሉ፤ ሦስት ቀዳዳ፣ 120 ቮልት ብቻ፣ 3,600 ዋት። አደጋው ያለው እዚህ ነው። ቲቲ-30ን የማያውቅ ኤሌክትሪሺያን ሦስት ቀዳዳና 30 አምፕ ሲያይ የልብስ ማድረቂያ ሶኬት ይመስለዋል፤ ባለ ሁለት ፖል ብሬከር ገጥሞ 240 ቮልት ይልክበታል። እንግዳው ሲሰካ ማይክሮዌቩም ባትሪ የሚሞላው ኮንቨርተርም ወዲያው ይቃጠላሉ፣ ካሣውም ወደ አንቺ ይመጣል። የ30ው ብሬከር ነጠላ ፖል መሆኑን በዓይንሽ እዪ። ከዚያ መልቲሜትር አስይዢ፦ በሁለቱ ጠመም ባሉ ቀዳዳዎች መካከል 120፣ ከኒውትራል እስከ ግራውንድ ደግሞ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። በ14-50 ላይ በሁለቱ ሆት (ኃይል በሚያመጡት ቀዳዳዎች) መካከል 240፣ እያንዳንዱ ከኒውትራል ጋር 120 ይሁን። የኒውትራል ብሎን ከላላ ሥራ ሲበዛበት አንዱ ወገን ይወርድና ሌላው ይወጣል፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው።

ተገጣጥሞ የሚሸጥ ፔዴስታል (ፓዱ አጠገብ የሚተከል የሶኬት ሳጥን) ግዢ፤ 50፣ 30 እና 20 አምፕ ሶኬት ከየብሬከሩ ጋር፣ 20ው ጂኤፍሲአይ (ሰው መብራት እንዳይዘው ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ) ያለው፣ ቆጣሪም የተገጠመለት። ለ50 አምፕ 6 ቁጥር የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ በ150 ጫማ ርቀት 40 አምፕ ሲጫነው የሚጠፋው 6 ቮልት ያህል ነው። ከዚያ ከራቀ ወደ 4 ቁጥር ውጪ። እንግዶቹ ይዘውት የሚዞሩት መከላከያ ቮልቴጁ ከ104 ሲወርድ መብራቱን ይቆርጠዋል፣ እነሱም ቦታው መጥፎ ነው ብለው ይጽፋሉ። ሽቦው በፒቪሲ ቱቦ ውስጥ ቢያንስ 18 ኢንች ይቀበር። ከመቆፈርሽ በፊት 811 ደውለሽ የተቀበሩ መስመሮችን አስመልክቺ፣ በነፃ ነው።

ቤቱ የሚጠቀምበት 200 አምፕ ላይ ሦስት ባለ 50 ፔዴስታል የሚገባ አይመስለኝም። የቤቱ ኤሲ በብርድ ወራት ባይሠራም ስሌቱ ላይ ይቆጠራል። ስሌቱን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን በኤሌክትሪክ ኮዱ አንቀጽ 551 መሠረት ይሥራልሽ፤ ምናልባት ለብቻው አዲስ ሰርቪስ (ከመብራት ኩባንያው ሌላ መስመር) ማስገባት ይሻል ይሆናል። የእኔ ምክር በሁለት ቦታ ጀምሪና የሦስተኛውን ባዶ ቱቦ አሁኑኑ ቅበሪ ነው።

ጠጠርና ቧንቧ

ፓዱ፣ ማለትም አርቪው የሚቆምበት ጠጠር የተደፋበት ቦታ፣ 14 በ50 ጫማ ይሁን፣ ለፒክአፑ ማቆሚያ ለብቻው ተዪለት። አሪዞና ውስጥ ኤቢሲ የሚባለው ድብልቅ ጠጠር ተጠቅጥቆ 4 ኢንች እንዲሆን ለአንድ ፓድ 10 ኪዩቢክ ያርድ ገደማ ይፈልጋል። ድፍን ክብ ጠጠር አትግዢ፤ ጎማ ይሰምጥበታል፣ መደገፊያ ጃኩም ይንሸራተታል። የአርቪ ቁመት እስከ 13 ጫማ ተኩል ስለሚደርስ ከበሩ እስከ ፓዱ ከ14 ጫማ በታች የተንጠለጠለ ቅርንጫፍም ሽቦም አይኑር።

ብዙ ሰው የሚስተው የመገናኛዎቹን ወገን ነው። የአርቪ መብራት፣ ውሃና ፍሳሽ በሾፌሩ ወገን፣ ወደ ኋላ ነው ያሉት፤ በሩና ወደ ውጭ የሚዘረጋው ጥላ በቀኝ። ፔዴስታሉ በቀኝ ከተተከለ እንግዳው ሽቦውን በአርቪው ሥር እየጎተተ ይከርማል። አፍንጫው ወደ ሰሜን እንዲቆም ካደረግሽው በረንዳው ምሥራቅ ያይና የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ከሰዓት በኋላም ጥላ ይሆንለታል።

የፍሳሹ አፍ ባለ 4 ኢንች፣ ጥርስ ያለው ክዳን የተገጠመለት፣ ከመሬት ብዙም ያልተነሣ ይሁን። ከፍ ካለ ፍሳሹ ሽቅብ አይወጣም፣ የፍሳሹ ቱቦ ውስጥ ይተኛል። ለእንግዶቹም በጽሑፍ ንገሪ፦ የጥቁሩ ታንክ (የሽንት ቤቱ ታንክ) ቫልቭ ተከፍቶ አይዋል። ውሃው ብቻ እየፈሰሰ ደረቁ ታንኩ ውስጥ ይቆለላል፤ ከወር በኋላ ማንም አያወጣውም። ታንኩ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ በአንድ ጊዜ ይልቀቁት።

ውሃው ከ40 እስከ 60 ፒኤስአይ ባለው ግፊት እንዲመጣ መቆጣጠሪያ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስም ማገጃ ግጠሚበት። የመጠጥ ውሃው ቧንቧ ከፍሳሽ ማጠቢያው ቧንቧ ይለይ። ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ሌሊት ውሃን በረዶ የሚያደርግ ብርድ አለ፤ ከመሬት የወጣውን ቧንቧ በስፖንጅ ሸፍኚው።

ቁልቋል አበባ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሁለት እንጀምራለን። ስለ ዋጋውና ስለ ካናዳውያኑ የሚያውቅ ካለ? ማስታወቂያው ላይ «ለጡረተኞች ብቻ» ብለን ልንጽፍ ነበር።

የሜሳዋ

አትጻፊው እህቴ። «55 ዓመትና ከዚያ በላይ» ማለት የሚችለው ቢያንስ 80 በመቶ በሚሆኑት መኖሪያዎቹ አንድ 55 የሞላው ሰው ያለበት፣ ሕጉ የጠየቀውን ያሟላ ቦታ ነው። ያለዚያ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች መለየት ይሆንና የፌር ሃውዚንግ ሕግ (በመኖሪያ ቤት አድልዎን የሚከለክለው) ይጠይቅሻል። «ጸጥ ያለ፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች» ካልሽ የሚመጣው ራሱ ጡረተኛው ነው።

ዋጋውን ለማውጣት በአካባቢሽ ያሉ ሦስት ፓርኮች የወር ኪራያቸውን ደውለሽ ጠይቂ፣ ከዚያ ዝቅ በይ። እነሱ መዋኛ፣ አዳራሽና ፒክልቦል ሜዳ አላቸው፤ ያንን አትፎካከሪም። አንቺ ያለሽ ስፋት፣ ትልቅ ውሻ መቀበልና ያረጀ አርቪ አለመከልከል ነው። ብዙ ፓርክ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ አርቪ አይቀበልም፤ አንቺ ፎቶ አስልከሽ ተቀበዪ።

መብራቱን ከኪራዩ ለዪው። ሲገቡና ሲወጡ ቆጣሪውን አብራችሁ አንብባችሁ ፎቶ አንሡ። አንድ 1,500 ዋት ማሞቂያ በቀን አሥር ሰዓት ቢበራ በወር 450 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ኪራይ ውስጥ ከተጠቀለለ ፕሮፔን የሚያቃጥል ሰው አይኖርም። ኩባንያው ከሚያስከፍልሽ በላይ ግን አትጨምሪበት።

ካናዳውያኑ በአብዛኛው እስከ ስድስት ወር መቆየት ይችላሉ። ከ2025 ጀምሮ ግን 30 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆዩት የመመዝገብ ግዴታ አለባቸው፣ በዚያው ዓመትም ወደ አሜሪካ የሚመጡት ቀንሰዋል። ስለዚህ በእነሱ ላይ ብቻ አትተማመኚ፤ ለሚኒሶታ፣ ለዳኮታዎቹና ለዋሽንግተን ስቴት ሰዎችም አስተዋውቂ። ካናዳውያኑ በባንካቸው የሚልኩት ኢ-ትራንስፈር ወደ አሜሪካ ባንክ በቀላሉ አይገባም፣ ዜል የሚባለው የገንዘብ መላኪያ ደግሞ የአሜሪካ አካውንት ይጠይቃል፤ ቀብዱ በምን እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የማስታወቂያው ወቅት ሁለት ነው። አንደኛው ኦገስትና ሴፕቴምበር፣ ገና ቦታ ያልያዙት ሲፈልጉ። ሁለተኛውና የሚበልጠው ፌብሩዋሪ ነው፤ ፓርክ ውስጥ ያሉት ለመጪው ዓመት የሚወስኑት ከመሄዳቸው በፊት ነውና። ሂፕካምፕ የሚባለው የካምፕ ቦታ ማከራያ ድረ-ገጽና የስኖውበርድ ፌስቡክ ግሩፖች ይበቁሻል። ለአንድ ሌሊት ማደሪያ የተሠሩ መተግበሪያዎች ግን የምትፈልጊውን እንግዳ አያመጡም። ፎቶው ላይ ጀምበር ስትጠልቅ ከማሳየት ፔዴስታሉን፣ የፍሳሹን አፍና መግቢያውን በቅርብ አሳዪ፤ ስፋቱን በቁጥር ጻፊ፣ የኢንተርኔቱን ፍጥነትም ለክተሽ አስቀምጪ።

ለተመላሽ እንግዳ ያንኑ ፓድ አስቀምጪለት። ቁጥር 1 ላይ የከረመ ሰው የሚመለሰው ለቁጥር 1 ነው። መድኃኒታቸው በፖስታ ስለሚመጣ የሚቆለፍ ሳጥን አዘጋጂ። በረሃው ላይ ፓክራት የሚባል አይጥ ሞተር ውስጥ ጎጆ ሠርቶ ሽቦ ይቆርጣል፤ በፓዶቹ ዙሪያ ያለውን የቁልቋል ክምርና ቁጥቋጦ አስነሺ፣ ማታ ማታም የመኪናቸውን ኮፈን ከፍተው ሥሩ መብራት እንዲያበሩ ከ20 አምፑ ሶኬት ላይ ፍቀጂላቸው።