«ዲስኩር» ስድብ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። እሁድ የእድር ስብሰባ ነበረን። ሰብሳቢው ስለ ድንኳን ኪራይ ሊነግሩን ተነስተው አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ አንድነትና ስለ አባቶች ታሪክ ሲያወሩ፣ አጠገቤ የነበሩ እናት «ኧረ ዛሬስ ደሰኮሩብን» አሉ። ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው ቅር አለው። 78 ዓመቱ ነው። «ዲስኩር ጥሩ ንግግር ነው፣ ሰው አይታማበትም» አለኝ። ማን ነው ልክ? ቃሉስ ከየት መጣ?

መልስ 1፦
ከፈረንሳይኛ ነው። እነሱ ሲጽፉት መጨረሻው ላይ «ስ» አለ፣ ሲናገሩት ግን ይውጡትና «ዲስኩር» ይሉታል፤ እኛም የወሰድነው በጆሮ የተሰማውን ነው። ከጣልያንኛ ቢሆን «ዲስኮርሶ» እንል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ባቡር ለገሃርን እንዳመጣልን አስቡት፤ እሱም ፈረንሳይኛ ነው፣ «ጣቢያው» ማለት። የዲስኩር የላቲን ሥሩ ደግሞ ወዲያ ወዲህ መሮጥ ነው።

መልስ 2፦
እኔ ግዕዝ ይመስለኝ ነበር! ምክንያቱም እርባታው ምንም እንግዳ አይመስልም። መሰከረ፣ ይመሰክራል፣ መመስከር እንደምንለው ደሰኮረ፣ ይደሰኩራል፣ መደስኮር እንላለን። አማርኛ አራቱን ፊደል ይዞ የራሱ ግስ አደረገው፣ በጣም ደስ ይላል።

መልስ 3፦
እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። «ብን» የምትለዋን ልብ በይ። ሰው ንግግር ያደርግልናል፣ ይደሰኩርብናል፤ «ደሰኮረልን» የሚል ሰምቼ አላውቅም። እኔ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ፀሐይ ላይ ቆመን ስንሰማ የዋልነው ሁሉ ዲስኩር ይባል ነበር፣ ለእኔ ቃሉ የጎመዘዘው እዚያ ነው። ደግሞ ከጉራ ጋር አታምታቱት። ጉረኛ የሚያወራው ስለራሱ ነው። ፎካሪም ቢሆን ነገ ጦር ሜዳ ላይ ይፈተናል። ደስኳሪ ግን ስለ አገር፣ ስለ ሕዝብ፣ ስለ ትልልቅ ነገር ተናግሮ ይቀመጣል፣ የድንኳኑ ኪራይ ስንት እንደሆነ ግን አይነግራችሁም።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ማታ አባቴን ደግሜ ጠየቅኩት። «ደሰኮረ» የሚለውን እሱ ጭራሽ አይለውም። «ዲስኩር አደረጉ» ነው የሚለው፣ ያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአክብሮት።