አስቸኳይ፦ የጃቫ ሰርቨራችን ሜሞሪ እየሞላ ይወድቃል፤ የጂሲ (የጃቫ የሜሞሪ ጽዳት) ቁጥሮቹን እንዴት ላንብብ?

ጠያቂ፦ የክፍያ አገልግሎታችን «አውት ኦፍ ሜሞሪ» እያለ ይወድቃል፤ ይህን ስጽፍም ደንበኞች እየጠበቁ ነው። የሜሞሪው ግራፍ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይልምና ሊክ (ሥራው ያበቃ ሜሞሪ ሳይለቀቅ መከማቸቱ) ለመሆኑ አልጠራጠርም። ከጂሲ ቁጥሮች የትኛውን ልመልከት?

መላሽ ሀ፦ ሂፑን (ፕሮግራሙ ዳታውን የሚያኖርበትን ሜሞሪ) ያሳድጉና ሪስታርት ያድርጉት።

መላሽ ለ፦ ሊክ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም። ያዩት ግራፍ የሂፑ ነው ወይስ የጠቅላላው ፕሮሰስ? ጃቫ ከሲስተሙ የወሰደውን ሜሞሪ ቶሎ ስለማይመልስ የፕሮሰሱ ግራፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

መላሽ ሐ፦ መሠረቱን ማወቅ ይጠቅማል። አዳዲስ ኦብጀክቶች (ፕሮግራሙ የሚፈጥራቸው የዳታ ቁራጮች) በያንግ ጄኔሬሽን (በሂፑ የአዲሶች ክፍል) ይፈጠራሉ፤ አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ይጸዳሉ፤ ከተደጋጋሚ ጽዳት የተረፉት ወደ ኦልድ ጄኔሬሽን (ወደ ነባሮቹ ክፍል) ይዛወራሉ። ስለዚህ የሂፑ ግራፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ ማለቱ ጤናማ ነው። መታየት ያለበት የጥርሱ ጫፍ ሳይሆን ሥሩ፣ ማለትም ከፉል ጂሲ (መላውን ሂፕ ከሚያጸዳው) በኋላ በኦልድ ውስጥ የሚቀረው መጠን ነው። የሥራው ጫና ሳይጨምር ይህ መጠን 30፣ ከዚያ 45፣ ከዚያ 60 በመቶ እያለ ከወጣ ሊክን መጠርጠር ተገቢ ነው።

መላሽ ሀ፦ አሁንም የምለው ሂፑን እንዲያሳድጉ ነው፤ ደንበኛ እየጠበቀ ትምህርት አይሰጥም።

ጠያቂ፦ በጄስታት (የጂሲ ቁጥሮችን በሚያሳየው የጃቫ መሣሪያ) አየሁት። ኦልድ 97 በመቶ ነው፤ ፉል ጂሲ ቢደጋገምም ከ96 አይወርድም።

መላሽ መ፦ ያ ማለት በኦልድ ያሉትን ኦብጀክቶች የያዛቸው ነገር አለ ማለት ነው። ሆኖም አንድ ንባብ ሊክን ከጠባብ ሂፕ አይለይም፤ ከሪስታርት በኋላ ከፉል ጂሲ የሚተርፈው መጠን ከፍ ብሎ በአንድ ደረጃ ከረጋ ሂፑ ጠቦ ነው፤ ሳይረጋ ከቀጠለ ሊክ ነው። ሪስታርት ማስረጃውን ስለሚያጠፋ አስቀድመው ሂፕ ደምፕ (የሂፑን ይዘት ቅጂ በፋይል) ይውሰዱ፤ ሲወሰድ አገልግሎቱ ለጊዜው ይቆማል፤ ፋይሉም ትልቅ ስለሚሆን የዲስክ ቦታ ያረጋግጡ። ከዚያ በኋላ የጄማፕን (የሌላውን የጃቫ መሣሪያ) ሂስቶግራም፣ ማለትም በየክላሱ (በየኦብጀክት ዓይነቱ) ያለውን ብዛት፣ በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ በሚቆጥረው የ«ላይቭ» አማራጭ በተለያየ ሰዓት አውጥተው ያነጻጽሩ። ቁጥሩ ማደጉን የማያቋርጠውን ክላስ ሲያገኙ ማን እንደያዘው ደምፑ ያሳይዎታል፤ ብዙ ጊዜ ስታቲክ ማፕ (ፕሮግራሙ እስኪቆም የሚቆይ ማከማቻ) ወይም ገደብ ያልተበጀለት ካሽ (ለፍጥነት የሚያዝ ማከማቻ) ነው።

መላሽ ለ፦ ደምፑ የደንበኞችን የክፍያ መረጃ እንዳለ ስለሚይዝ ለማንም እንዳይልኩት፤ እዚህም አይለጥፉት።