የቡድን ጓደኛዬ የጠቀሳቸው ጥናቶች የሉም፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ፦
የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አምስት ሆነን የሠራነው የቡድን ጥናት ሐሙስ ይገባል። ማጣቀሻዎቹን ማስተካከል የእኔ ድርሻ ስለነበር አንድ በአንድ ፈለግኳቸው። አንዱ ጓደኛችን ከጠቀሳቸው 11 ጽሑፎች 4ቱ የትም የሉም። የመጽሔቶቹ ስም እውነተኛ ነው፤ ገጹን ስከፍተው ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ያወራል። ስጠይቀው «ቻትጂፒቲ ነው የሰጠኝ፤ ደግሞ ማን ይፈትሸዋል?» አለኝ። እናቱ ታመው ሰሞኑን እንደተጨነቀ አውቃለሁ። ለመምህሩ ብናገር ጓደኛዬን አሳልፌ የሰጠሁ ይመስለኛል፤ ዝም ብል ደግሞ ስሜ ከስሙ አጠገብ ተጽፏል።

መምህር፦
«ማን ይፈትሸዋል?» ላለው፣ እኔ እፈትሻለሁ። ማሽኑ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ስለሚጽፍ ማጣቀሻ ሲጠየቅ ማጣቀሻ የሚመስል ነገር ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች በዚሁ መንገድ ያገኟቸውን፣ ጭራሽ ያልነበሩ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የእናንተ ወረቀት ግን ገና አልገባም። ዛሬ ማታ ጥሪውና አራቱን አብራችሁ አውጡ፤ በእነሱ ላይ የቆመውን አንቀጽም ጭምር። እምቢ ካለ ያኔ ለመምህራችሁ ንገሪ።

ሌላ ተማሪ፦
ለመምህር መንገር ቀላል አይደለም። እኔ ራሴ የጻፍኩትን ወረቀት የማሽን ጽሑፍ መለያ ሶፍትዌር «የማሽን ነው» ብሎት ሁለት ሳምንት ተከራክሬአለሁ። ያዳኑኝ ያልሰረዝኳቸው ረቂቆች ናቸው። የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ እንኳን የራሱን መለያ፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በ2023 አንሥቶታል።

መምህር፦
በአንተ ላይ የደረሰው በደል ነው፤ የሶፍትዌር ግምት ማስረጃ አይሆንም። የሌለ ጽሑፍ ግን ግምት አይደለም፤ ማንም ገልጦ ያየዋል።

ጠያቂዋ፦
ጠራሁት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እስከ እኩለ ሌሊት ሠርተን ለሁለቱ እውነተኛ ምትክ አገኘን፤ የተቀሩትን ከነአንቀጻቸው ሰረዝናቸው። ምዕራፉ ሳስቷል፤ ይሳሳ። «ጊዜ እንዳጣህ ለምን አልነገርከንም?» ስለው «እናንተን ከማስቸገር እሱን መጠየቅ ይቀለኛል» አለኝ። አንደኛ ዓመት ላይ ያልገባን ነገር ሲኖር የጓደኛችንን በር ነበር የምናንኳኳው። ልወቅሰው አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ባለፈው ወር የስታቲስቲክስ ጥያቄዬን ለማሽኑ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ ጓደኛዬ ትምህርቱን ከእኔ አብልጦ እንደሚያውቅ እያወቅሁ።