ጋዝ አናላይዘሩ ይበራል፣ ቁጥሩ ግን አይረጋም፤ በቴስተር ከየት ልጀምር?

ጠያቂ (ጅማ፣ አጂፕ)፦ ሰላም ባለሙያዎች። ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። መኪና ለቦሎ ከመሄዱ በፊት ጭሱን የምናይበት ጋዝ አናላይዘር አለን። ይበራል፣ ፓምፑም ይስባል። ግን ንጹሕ አየር እየሳበ እንኳ ሃይድሮካርቦኑ ዜሮ ላይ አይቆምም፣ ይወጣል ይወርዳል። የሸጠልን ሰው «የኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል፣ ቦርዱም አብሮ ይቀየር» አለ። ሴንሰሩን ስለካው 8.6 ሚሊቮልት ይሰጣል። የቦርዱ ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። ስኬማቲክ (የቦርዱ የመስመር ንድፍ) የለኝም፣ ያለኝ ቴስተር ብቻ ነው።

መልስ (ሄርማታ)፦ ወንድሜ፣ ቦርድ ለመግዛት አትቸኩል። መጀመሪያ ፓወሩን ለካ። 7805፣ 7812 እና 7912 የሚል የተጻፈባቸውን ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተሮች (ቮልቱን የሚያረጋጉትን) ፈልግ። መውጫቸው 5፣ 12 እና ኔጌቲቭ 12 ቮልት መሆን አለበት። ስክሪኑና ፓምፑ በፖዘቲቮቹ ስለሚሠሩ ማሽኑ ጤነኛ ይመስላል። የሴንሰሩን ደካማ ሲግናል የሚያጎሉት ኦፕ-አምፖች ግን ብዙ ጊዜ ኔጌቲቩንም ይፈልጋሉ፤ እሱ ሲዛባ ቁጥሩ እንዲህ ይዋዥቃል።

መልስ (የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ)፦ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። የ7912 እግር እንደ 7812 አይደለም። በ7812 መሃለኛው ግራውንድ ነው፣ በ7912 ግን መሃለኛው መግቢያ ነው፣ ጀርባው ላይ ያለው ብረትም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ጥቁሩን ፕሮብ እዚያ ብረት ላይ እንዳታደርግ፣ የምታነበው ሁሉ ይሳሳታል። ግራውንድህን ከ7812 መሃለኛ እግር ውሰድ። ደግሞ 220 ቮልት የሚገባበትን በኩል በእጅህ እንዳትነካ።

መልስ (የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሻን)፦ ሴንሰሩን አትጣለው! እነዚህ ሴንሰሮች የሚለኩት የኦክስጅኑን ግፊት ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ያንተ 8.6 ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ከ10 በላይ ያነብ ነበር፣ የብዙዎቹ አዲስ ሴንሰር ደግሞ ከ9 እስከ 13 ነው። ትንፋሽህን ንፋበትና እየው፤ ከአፍ የሚወጣ አየር ኦክስጅኑ 16 በመቶ ገደማ ስለሆነ ቁጥሩ ወደ 6.6 አካባቢ መውረድ አለበት። አየር ሲያገኝ ከተመለሰ በሕይወት አለ።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳሉት ለካሁ። 5ቱም 12ቱም ልክ ናቸው። 7912 መግቢያው ኔጌቲቭ 12.5፣ መውጫው ኔጌቲቭ 9.6 ነው። ሴንሰሩም ሲተነፈስበት ወርዶ ተመለሰ።

መልስ (የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ)፦ ሬጉሌተሩ እንዳትፈርድበት፣ የሚበላው አጥቶ ነው። መግቢያው ከመውጫው ቢያንስ 2 ቮልት መብለጥ አለበት፣ ለ12 ማለት ከ14 በላይ። አሁን ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርገህ ከ7912 በፊት ያለውን፣ ቮልቱን የሚያለሰልሰውን ካፓሲተር ለካ። አንዳንድ ርካሽ ቴስተር ዲሲውንም ደርቦ ስለሚያነብ በቀዩ ፕሮብ ጫፍ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገባ። ከ1 ቮልት በላይ ካየህ ያ ካፓሲተር ደርቋል ወይም ኤሲውን ወደ ዲሲ ከሚቀይሩት ዳዮዶች አንዱ ተከፍቷል።

ጠያቂ፦ ኤሲው 4 ቮልት! ዳዮዶቹ አጥፍቼ ስፈትሻቸው ደህና ናቸው። ካፓሲተሩ 1000 ማይክሮፋራድ 35 ቮልት ነው፣ የሬጉሌተሩ ማቀዝቀዣ ብረት ላይ ተለጥፎ ነው ያለው፣ ላዩም ትንሽ አብጧል።

መልስ (ሄርማታ)፦ አገኘኸው፣ ሙቀቱ ነው ያደረቀው። 105 ዲግሪ የሚችለውን ግዛ፣ ከብረቱም ራቅ አድርገህ በየደው። ኔጌቲቭ መስመር ስለሆነ የካፓሲተሩ ፕላስ እግር ወደ ግራውንድ ነው የሚሄደው። ከተገለበጠ ይፈነዳል።

ጠያቂ፦ ተቀየረ። መግቢያው ኔጌቲቭ 17፣ መውጫው ኔጌቲቭ 11.9፣ ኤሲውም ጠፋ ማለት ይቻላል። ሃይድሮካርቦኑ ዜሮ ላይ ቆመ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

መልስ (የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሻን)፦ እንኳን ደስ ያለህ። ዜሮ ላይ መቆሙ ግን ከፍ ያለውን ልክ ያነባል ማለት አይደለም። በካሊብሬሽን ጋዝ (መጠኑ በታወቀ ጋዝ) ሳታረጋግጥ ለደንበኛ ውጤት አትስጥ።