ተጫዋቾች ስለ ተሰናበተ አሰልጣኝ ሲናገሩ ምን ያህል እንመናቸው?

የጠባሴው ማንቼ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሰሜን ሸዋ የኳስ ቤተሰቦች። እሁድ ማታ ጠባሴ እኛ በምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት ክርክሩ ጦፎ ነበር። ጨዋታው አልቆ ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላም ሰው አልተበተነም። የደብረ ብርሃንን የማታ ብርድ ታውቁታላችሁ። ጋቢያችንን ተከናንበን በር ላይ ቆመን ቀጠልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሰልጣኙ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማንቼ (ማንችስተር ዩናይትድ) አሰልጣኝ ሲቀያይር ኖሯል። ሞዬስ የስድስት ዓመት ውል ፈርሞ አንድ ዓመት አልሞላውም። ቫን ሃል ኤፍኤ ካፕ በበላ በሁለተኛው ቀን ተሰናበተ። ቴን ሃግም በ2024 ያንኑ ዋንጫ አንስቶ፣ ውሉ ተራዝሞለት፣ ጥቅምት ላይ ተባረረ። መሃል ላይ ሞሪንሆ አለ፣ ሶልሻየር አለ። ከቴን ሃግ በኋላ ደግሞ አሞሪም መጣ።

አዲስ አሰልጣኝ በመጣ ቁጥር ተጫዋቾቹ ማይክ ሲጠጋላቸው የሚሉት ተመሳሳይ ነው። ልምምዱ ጠንክሯል፣ ነፃነት ሰጥቶናል፣ የሚፈልገውን በግልጽ ይነግረናል። ሰውዬው ሲባረር ደግሞ አንድ ሁለቱ ብቅ ይሉና ልምምዱ አሰልቺ ነበር፣ አያናግረንም ነበር ይላሉ።

አብሮኝ የሚያየው ጓደኛዬ "መልበሻ ክፍል የዋሉት እነሱ ናቸው፣ ከነሱ በላይ ማን ሊያውቅ ነው?" ብሎ ድርቅ አለ። ለእኔ አልተዋጠልኝም። ያው ተጫዋች ያንኑ አሰልጣኝ ሲመጣ ሰማይ አድርሶት ነበር። የትኛውን ቃሉን ልያዝ? እኛ ደጋፊዎች በተጫዋች ወሬ ተነስተን "ይውጣ" ብለን እንጮሃለን። የሰው እንጀራ ነው። የተጫወታችሁ ወይም ያሰለጠናችሁ ካላችሁ ከልባችሁ ንገሩኝ።

አርሴ ከደብረ ሲና

ወንድሜ፣ እኔ ተጫዋች ምን አለ ከሚለው ይልቅ ክለቡ ምን አደረገ የሚለውን ነው የማየው። በ2021 ነሐሴ ላይ አርሴ (አርሰናል) በብሬንትፎርድ 2 ለ 0፣ በቼልሲ 2 ለ 0፣ በሲቲ 5 ለ 0 ተሸነፈ። ሦስት ጨዋታ፣ ዜሮ ነጥብ፣ አንድም ጎል የለም፣ የሰንጠረዡ ግርጌ። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ስምንተኛ ነው የጨረስነው። እዚህ ደብረ ሲና ኳስ ቤት ውስጥ አሰልጣኛችንን አርቴታን የሚሳደበው ሰው ብዛት አይጣል ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ኦባምያንግን በዲሲፕሊን ከአምበልነት አነሳው። ስንት ጎል ያገባልን ሰው ነው! ሌላ ክለብ ቢሆን አሰልጣኙን ይሸኝ ነበር። አርሴ ግን ተጫዋቹን ወደ ባርሴሎና ሸኘ። ከ2023 እስከ 2025 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሁለተኛ ወጣ፤ ከስምንተኛ ተነስቶ ማለት ነው። የመልበሻ ክፍል ጉርምርምታ የሚበርደው ተጫዋቹ አሰልጣኙ ነገም እንደሚኖር ሲያውቅ ነው። ሊሄድ ነው ብሎ ከጠረጠረ ማን ይሰማዋል?

ሰማያዊ ከመሐል ሜዳ

አርሴ ወንድሜ፣ ትዕግሥት ጥሩ ነው፤ ሁሌ ግን አይሠራም። ቼልሲ ቻምፒየንስ ሊጉን ሁለት ጊዜ በልቷል። በ2012 ቪላስ ቦአስ ዓመቱ መሃል ላይ ተባሮ፣ ዲ ማቲዮ ተረክቦ በላ። በ2021 ላምፓርድ ጥር ላይ ተባሮ፣ ቱሄል ተረክቦ በላ። ሁለቱም ጊዜ አሰልጣኝ ባይቀየር ኖሮ ያን ዋንጫ እናያለን ብዬ አላምንም። ሁለቱም በኋላ መባረራቸው እውነት ነው። ዲ ማቲዮማ ዋንጫውን ባነሳ በስድስት ወሩ ነው የተሰናበተው። እሱ አሁንም ያሳዝነኛል።

የተጫዋች ወሬን በተመለከተ እኔ አፋቸውን ሳይሆን እግራቸውን ነው የማየው። በ2015 ሞሪንሆ ከእኛ ጋር ሊጉን በላ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ 16ኛ ነበርን፣ ከወራጅ ቀጠናው በአንድ ነጥብ ብቻ ከፍ ብለን። ያው ቡድን፣ ያው ተጫዋቾች! በሌስተር ከተሸነፍን በኋላ ሰውዬው ሥራዬ እንደተከዳ ይሰማኛል አለ። በቀናት ውስጥ ተሰናበተ። በሚቀጥለው ጨዋታ ሰንደርላንድን 3 ለ 1 አሸነፍን። ደጋፊው ግን በገዛ ሜዳው ኮስታና ፋብሪጋስ ላይ ይጮህ ነበር። ማንም ቃለ መጠይቅ ሰጥቶ እስኪነግረው አልጠበቀም። ለወራት ሩጫቸውን ሲያይ ከርሟል።

ኮች ከሸዋ ሮቢት

የጠባሴው ልጄ፣ ጥያቄህ ደስ ስላለኝ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። እኔ እዚህ ሸዋ ሮቢት ታዳጊዎችን አሰለጥናለሁ። በወጣትነቴም ለአንድ የከተማ ቡድን ተጫውቻለሁ፤ የከተማውን ስም ልተወው።

ያኔ የሆነውን ላጫውትህ። አበላችን ለወራት አልተከፈለንም። ግማሾቻችን ጠዋት መኪና ላይ ሽንኩርት ስንጭን እናረፍድና ከሰዓት ልምምድ እንገባለን። አሰልጣኛችን ከራሱ ኪስ ዳቦና ሙዝ እየገዛ ያበላን ነበር። በዚያ አቅም ማን ያሸንፋል? ደጋግመን ተሸነፍን። አሰልጣኙ ተነሳ። ከተማው ውስጥ ሰው ሁሉ እያስቆመ "የሰውዬው ችግር ምን ነበር?" ይለናል። ልጆቹ ይጮሃል አሉ። ተጫዋች አይቀይርም አሉ። አሰላለፍ አያውቅም ያለም ነበር። "አበል አልተከፈለንም" ብሎ በአደባባይ የተናገረው በረኛችን ብቻ ነው። በዓመቱ ውሉ አልታደሰለትም።

ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። የሚቀጥለው ወር አበል ያለው በዚያው ቢሮ እጅ ነው። ቢሮውን መውቀስ ያስፈራል። የተባረረ አሰልጣኝን መውቀስ ግን ማንንም አያስፈራም፤ ሰውዬው ሻንጣውን ይዞ ሄዷል። ስለዚህ ተጫዋች ስለ አሰልጣኝ ሲናገር ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን በመናገሩ ምን ያጣል የሚለውን ነው። ምንም የማያጣበት ከሆነ ብዙ ክብደት አልሰጠውም። ሲመጣ የሚያሞግሰውም እንዲሁ ነው። አዲስ አሰልጣኝን አሞግሶ ቦታውን ያጣ ተጫዋች አላየሁም።

ሌላም ነገር አለ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ይበልጣል። ልጆቼን ይዤ ደብረ ሲናን አልፈን፣ የጣርማ በርን ዋሻ ወጥተን እናንተ ጋ ስንደርስ አየሩ ሌላ ነው። ከዕረፍት በኋላ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ስለዚህ እዚያ ስንጫወት በኳስ የሚራቀቀውን ልጅ አስቀምጬ ሯጩን አስገባለሁ። አንዴ እንዲህ ያስቀመጥኩት ልጅ ቤቱ ሄዶ "ኮች ጠልቶኛል" ብሎ አለቀሰ። አባቱ ሜዳ ድረስ መጡ። ተቆጥተው ነበር፤ እኔም ብሆን እቆጣለሁ። ልጁ አልዋሸም። ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆኖ ሲያየው ጥላቻ ነው የሚመስለው። አባትየውን ልምምድ ላይ አስቀምጬ የእያንዳንዱን ልጅ ሩጫ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ተግባባን።

እና የጓደኛህ ክርክር ግማሽ እውነት አለው። ተጫዋቹ መልበሻ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚያየው ግን ከራሱ መቀመጫ ነው። ሃያ አምስት ተጫዋች ባለበት ቡድን አሥራ አንዱ ሲሰለፍ አሥራ አራቱ ቅር ብሎት ይውላል። ጋዜጠኛ ደግሞ ቅር ያለውን ሰው ፈልጎ አያጣም።

ደጋፊም ይጠንቀቅ። ራኒየሪ ሌስተርን በ2016 ሻምፒዮን አድርጎ በየካቲት 2017 ተባረረ። ተጫዋቾቹ ናቸው ያስባረሩት ተባለ። አጥቂው ቫርዲ ወሬውን ቢያስተባብልም በቤተሰቡ ላይ ሳይቀር የግድያ ዛቻ ደርሶበታል። ኳስ እዚህ ድረስ መሄድ የለበትም።

ቡናማዋ ከአንኮበር

ጋሼ ኮች፣ እግዜር ይስጥልን። ያን በረኛ በጣም ነው ያከበርኩት። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የእንግሊዝን አሰልጣኝ ሁሉ በስም ስንቆጥር የራሳችንን ረሳን።

ሰውነት ቢሻው ዋልያዎቹን ከ31 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አበቃን። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር የመጨረሻው ጥሎ ማለፍ ላይ ደረስን። በዓመቱ እሱ ተነስቶ ፖርቹጋላዊው ባሬቶ መጣ፣ እሱም ብዙ አልቆየ። ውበቱ አባተ ደግሞ ቡናችንን በ2003 ዓ.ም. ሻምፒዮን ያደረገ ሰው ነው። ያንን ዓመት አልረሳውም፤ ሌላ የሊግ ዋንጫ የለንም። ብሔራዊ ቡድኑንም ለአፍሪካ ዋንጫ ካሜሩን ወስዶ አጫወተ። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። የት? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ። ያ እኮ "በሜዳችን" የተባለ ጨዋታ ነው! ስታዲየሞቻችን የካፍን (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን) መስፈርት ስላላሟሉ ነው በሰው አገር ባለሜዳ የሆንነው። በቀጣዩ ዓመት ውበቱም ተለያየ።

ያኔ በየኳስ ቤቱ የሚወራው ስለ አሰላለፉ ነበር። በገዛ ሕዝቡ ፊት መጫወት የማይችል ቡድን ግን ከየትኛው አሰልጣኝ ጋር ነው የሚረጋጋው? የጋሼ የአበል ታሪክ እዚህም አለ። አሰልጣኙ ይቀየራል፤ ሜዳው ግን እንዳለ ነው።

የጠባሴው ማንቼ (ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ ልክ ነሽ። ጋሼ ኮች፣ ከእርስዎ ብዙ ተማርኩ። አንድ ግን ልሞግትዎት። ሮናልዶስ? በኅዳር 2022 በቃለ መጠይቁ ቴን ሃግን አላከብረውም አለ። አሰልጣኙ ገና ሥራ ላይ ነበር፣ አልተባረረም። በዚያ የተነሳ ውሉ ተቋረጠ። ዋጋ ከፍሏል። በእርስዎ ሚዛን ልናምነው ነው?

ኮች ከሸዋ ሮቢት

ጥሩ ጥያቄ ነው። ንግግሩን ለሁለት ክፈለው። ስለ አሰልጣኙ ያለውን የተናገረው ከተቀያሪ ወንበር ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በቶተንሃም ጨዋታ ተቀይሬ አልገባም ብሎ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ወደ መልበሻ ክፍል ሄዷል። ያ ሁሉ ዋንጫ ያነሳ ሰው ሲቀመጥ ያማል፤ እረዳዋለሁ። ፍርዱን ግን አልቀበልም። ቴን ሃግ ያለ እሱ በዚያው ዓመት ሊግ ካፕ በላ፣ ሊጉንም ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

በዚያው ቃለ መጠይቅ ግን ሌላም ነገር ብሏል። ፈርጉሰን ከሄዱ ወዲህ ክለቡ ባለበት ቆሟል፣ ጂሙም ወጥ ቤቱም ያው ነው አለ። ይሄ የሚነካው አሰልጣኙን ሳይሆን ባለቤቶቹን ነው። ከወንበር ጋርም አይገናኝም። ክለቡም ቆይቶ የካሪንግተንን የልምምድ ማዕከል በ50 ሚሊዮን ፓውንድ አድሶ በ2025 ጨረሰ። እኔ የማምነው ያንን የንግግሩን ክፍል ነው። ያኔ ግን ሰው ሁሉ ይዞ የዞረው "አላከብረውም" የምትለዋን ብቻ ነው። ማንቼ ላይ አሰልጣኝ ሲባረር እኔ ተጫዋቾቹ ምን አሉ ከማለቴ በፊት ባለቤቶቹ ግሌዘሮች በዚያ ሳምንት ምን አሉ ብዬ ነው የምፈልገው።

ሰማያዊ ከመሐል ሜዳ

ኮች፣ ይሄ ለእኛም ይሠራል። ቱሄል በ2022 ሊጉ ገና እንደተጀመረ ሲባረር ሰው ሁሉ የመልበሻ ክፍል ወሬ ነበር የሚያነፈንፈው። ክለቡ ግን ከአብራሞቪች ወደ ቦህሊ ቡድን የተሸጠው በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ያን ዓመት ፖተር መጣ፣ ሳይጨርስ ሄደ፤ ላምፓርድ ተመልሶ መጣ፤ እኛም 12ኛ ሆነን ጨረስን። ባለቤቱ ግን ዛሬም አለ።