የገበጣ የድምፅ ጨዋታ፦ የጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት (ደሴ–ኮምቦልቻ)

ፀሐፊ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዓይነ ስውራን ጨዋታ ለመሥራት ማኅበራችን ያዘጋጀው ረቂቅ ሦስት ነገር ይላል፦ ያለ ስዕል በድምፅ ብቻ የሚጫወቱት አንድ ትልቅ የጀብዱ ጨዋታ በአማርኛ፣ የ10 ኮምፒውተር ግዢ፣ የአንድ ወር ሥልጠና። ለለጋሽ ከመላኩ በፊት የምታነሱትን እዚሁ አንሱ፤ የተስማማንበትን ረቂቁ ላይ አስገባለሁ። ሁላችንም በስክሪን ሪደር (የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ስለምናነብ ፎቶና ሠንጠረዥ አትላኩ፤ ስሌት ካለ በጽሑፍ ይቀመጥ።

የፕሮግራም ክፍል (ኮምቦልቻ)፦
ከመሣሪያው ልጀምር። ረቂቁ «በቢጂቲ ይሠራል» ይላል፤ ቢጂቲ የድምፅ ጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም ነው፤ ይሄ ይውጣ። ቢጂቲ ውለታው ብዙ ነው፤ ዓይነ ስውራን ራሳቸው የሠሯቸው በርካታ የእንግሊዝኛ የድምፅ ጨዋታዎች በእሱ ተጽፈዋል። አሁን ግን ማሻሻያ ካገኘ ዓመታት አልፈዋል፣ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፣ በዚያ ላይ በእሱ የወጣን ፋይል ፀረ ቫይረሶች በስህተት እንደ ቫይረስ ያዩታል። ተጫዋቹ ገና ሳይከፍተው ይሰረዝበታል።

ምትኩ ኤንቪጂቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ምንጭ ኮዱ ክፍት ሆኖ ወጥቷል፤ ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋም እንደ ቢጂቲ አንጀልስክሪፕት ስለሆነ ያንን የሚያውቅ ሰው ከዜሮ አይጀምርም። ከአንድ ኮድ ለዊንዶውስ፣ ለማክ፣ ለሊኑክስና ለአንድሮይድ ያወጣል። ነፃ ነው።

«ለምን ዩኒቲ ወይም ጎዶት አይሆንም?» የሚል ጥያቄ ከለጋሽ መምጣቱ አይቀርም፤ ሁለቱም ታዋቂ የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራሞች ናቸው፤ መልሱ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይኑር። ዩኒቲ ከ2023.2 ጀምሮ በስልክ ላይ ለስክሪን ሪደር የሚሆን ድጋፍ አስገብቷል። ጎዶትም እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 4.5 ጀምሮታል፤ ገና ሙከራ ላይ ነው። ሁለቱም ጥሩ ዜና ነው፤ ግን የዩኒቲው ድጋፍ የሚጠቅመው ተጫዋቹን ነው፤ ጨዋታው የሚሠራበት ኤዲተር አሁንም የማውስና የዓይን ሥራ ነው። በኤንቪጂቲ ሙሉው ጨዋታ የሚሠራው ኮድ በመጻፍ ብቻ ነው፤ ኖትፓድና ኤንቪዲኤ (የዊንዶውስ ስክሪን ሪደር) ያለው አባላችን ራሱ ይጽፈዋል። እኔን የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ፋይሎቹ ሁሉ የግዕዝ ፊደልን በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ፣ በዩቲኤፍ-8 ይቀመጡ፤ አለዚያ ፊደላችን የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

የተጫዋቾች ተወካይ (ደሴ)፦
የጀብዱ ጨዋታው ይቅር ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 2 እና የ2023ቱ ፎርዛ ሞተርስፖርት ለዓይነ ስውር ተጫዋች ታስበው ብዙ ነገር እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም ከጀርባቸው ትልቅ ኩባንያ አለ፣ ጌም ኮንሶል ወይም ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋሉ። የእኛ ሰው በኪሱ የያዘው ያገለገለ አንድሮይድ ስልክ ነው።

የማቀርበው ገበጣን ነው። ተራ በተራ ስለሚጫወቱት ፍጥነት አይጠይቅም፤ አያትና የልጅ ልጅ፣ የሚያይና የማያይ አብረው ይጫወቱታል፤ ታሪክና ተዋናይ አያስፈልገውም። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ኮዱ ውስጥ አይቀበር፤ ለብቻው ፋይል ይሁን። አቅጣጫው፣ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ የሚሆነው፣ 4 የሞላውን ማን እንደሚወስደው፦ ሦስቱም በምርጫ ይቀየሩ። ኮድ ከመጀመሩ በፊት ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከአካባቢው ገጠር ታላላቆች ሕጉ ተጠይቆ በአንድ ገጽ ይጻፍ።

የፕሮግራም ክፍል (ኮምቦልቻ)፦
ይህን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። የኮምፒውተሩ ተጋጣሚም ቀላል ነው፦ በየተራው ቢበዛ 6 ምርጫ ነው፤ 4 ተራ አስቀድሞ ሲያስብ 1,296 አማራጭ ያያል፣ አሮጌ ስልክም ይችለዋል። 8 ተራ ከተባለ ግን 1,679,616 ይሆንና አሮጌ ስልክ ሊንቀራፈፍ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ደረጃ፦ በዘፈቀደ፣ 2 ተራ፣ 4 ተራ። የሚያንቀው ሌላ ቦታ ነው። የወደቀበትን እያነሱ መዞር በሚፈቅደው ሕግ አንዳንዴ ዙሩ ማለቂያ ያጣል፤ 200 ጠጠር ከተጣለ በኋላ ተራው ይቁም የሚል ገደብ ይግባ።

የድምፅ ሥራ (ኮምቦልቻ)፦
አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ከላይ እንደተባለው ኮዱ ቀሏል፤ ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው ድምፁ ነው፣ ረቂቁ ግን ለድምፅ አንድ መስመር ብቻ ሰጥቶታል።

የጉድጓዶቹ ቦታ። 6ቱን ከግራ ወደ ቀኝ በመቶኛ አስቀምጡ፦ ሙሉ ግራ 100፣ ግራ 60፣ ግራ 20፣ ቀኝ 20፣ ቀኝ 60፣ ሙሉ ቀኝ 100። የራስን ረድፍ «ከፊት»፣ የተጋጣሚን «ከኋላ» ለማሰማት ግን አትሞክሩ። ግራና ቀኝን የምንለየው ድምፁ አንዱ ጆሮ ጋ ቀድሞ ስለሚደርስና እዚያ ስለሚጎላ ነው። በትክክል ከፊትና በትክክል ከኋላ የመጣ ድምፅ ሁለቱም ጆሮ ላይ እኩል ይደርሳል፤ የሚለየው በጆሮ ቅርጽ ነው፣ የጆሮ ቅርጽ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። በርካሽ ኢርፎን ጭራሽ ይደበላለቃል። ስለዚህ ረድፉን በቁሱ ለዩ፦ የእኛ ረድፍ ጠጠር በእንጨት ላይ፣ የተጋጣሚ ረድፍ ጠጠር በሸክላ ላይ። ሲዞርም አንዱ ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ጆሮ ሁለተኛ ምልክት ያገኛል።

ለእያንዳንዱ ቁስ ቢያንስ 5 የተለያየ የጠጠር ድምፅ ይቀረጽ። አንዱን ብቻ ከደጋገምነው ጆሮ ወዲያው «ማሽን ነው» ይላል። በሁለት ጠጠር መካከል 180 ሚሊሰከንድ፤ ለለመደ ሰው ወደ 90 የሚወርድ ምርጫ ይኑር። በአንድ ጆሮ ብቻ ለሚሰማ ተጫዋች ግራና ቀኙ በድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይተካ፤ ይሄ መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ አይደለም፣ ከመጀመሪያው ይታቀድ።

ቦታ የሚያሳዩ ድምፆች ሁሉ ሞኖ (ግራና ቀኝ ያልተለየበት ቅጂ) ይሁኑ፤ በስቴሪዮ የተቀረጸ ድምፅ ግራና ቀኙ አስቀድሞ ስለተከፋፈለ በፈለግነው ቦታ ለማሰማት አይመችም። ለሚደጋገም የጀርባ ድምፅ ኤምፒ3 አትጠቀሙ፤ ጫፉ ላይ ባዶ ክፍተት ስለሚጨምር በየዙሩ ይቆራረጣል። ኦግ የሚባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት ይሁን።

ገንዘብ ያዥ (ደሴ)፦
እህታችን ዝርዝሩን ወድጄዋለሁ፤ ግን ንግግሩን ሰው ከሚቀርጸው ስልኩ ራሱ ቢያነብልን ወጪው አይቀንስም? ጽሑፍ የሚያነበው ኢስፒክ የተባለው ፕሮግራም አማርኛ ይናገራል፤ ኤንቪዲኤም ይዞት ነው የሚመጣው።

የድምፅ ሥራ (ኮምቦልቻ)፦
ይናገራል፤ ላልተጠበቀ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ተጫዋቹ ላስገባው ስም እናስቀረዋለን። ለሌላው ግን አይሆንም። ማጥበቅና ማላላት ፊደላችን ላይ ስለማይታይ ማሽኑ ይገምታል፣ በየተራው የተሳሳተ ንባብ መስማት ደግሞ ያሰለቻል። ሁለተኛው ምክንያት ይብሳል፦ ቶክባክ (የአንድሮይድ ስክሪን ሪደር) ሲበራ የጣት እንቅስቃሴውን የሚቀበለው እሱ ነው፤ ጨዋታው ጣትን በቀጥታ እንዲያገኝ ብዙ ጊዜ ቶክባክ መጥፋት አለበት። ያን ጊዜ ጨዋታው የራሱ ድምፅ ከሌለው ተጫዋቹ ጨለማ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

ወጪውም እንደሚፈራው አይደለም፤ አብሽር። ቁጥር ከ0 እስከ 48፣ 49 ቅጂ። «ሃያ»ን እና «ሦስት»ን ቀጥለን «ሃያ ሦስት» አንሠራም፤ ስፌቱ ይሰማል። እያንዳንዱ ቁጥር በዓረፍተ ነገር መሃልና መጨረሻ ዜማው ስለሚለያይ ሁለት ጊዜ፦ 98። መመሪያና ምናሌ 122 ገደማ። በድምሩ 220 ቅጂ፤ በአማካይ 2 ሰከንድ ቢሆን 440 ሰከንድ፣ ከ8 ደቂቃ ያነሰ። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ሞኖ ዌቭ (ባልታመቀ ፋይል) 63 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በኦግ 64 ኪሎቢት ግን 3.5 ብቻ። በቴሌግራምም በሚሞሪ ካርድም በቀላሉ ይተላለፋል።

ቀረጻው በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት። ማይኩ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር፣ ትንሽ ወደ ጎን፤ «ጰ» እና «ፐ» ፊት ለፊት ሲመቱት ይፈነዳል። የድምፁ ከፍተኛ ጣሪያ ከዜሮ (ድምፁ መሰበር ከሚጀምርበት) 6 ዴሲቤል በታች። ግድግዳውን በብርድ ልብስና በፍራሽ ሸፍኑ። ላፕቶፑ በባትሪ ይሥራ፤ ቻርጀር ሲሰካ የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ሊገባ ይችላል። በክረምት በቆርቆሮ ቤት ቀረጻ የለም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ይለቅ። አንድ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ይጨርስ፤ ድምፅ ከጉንፋንና ከድካም ጋር ስለሚቀየር ሌላ ቀን የተቀረጸው አይገጥምም።

የተጫዋቾች ተወካይ (ደሴ)፦
በቶክባክ ጉዳይ አንድ ልጨምር። ጨዋታው ሲከፈትም ሲዘጋም «ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች 3 ሰከንድ ይዘው ቶክባክን ይመልሱ» ብሎ ይናገር። አቋራጩ ስልኩ ላይ አስቀድሞ መከፈት ስላለበት የመጫኛ መመሪያው የመጀመሪያ እርምጃ ይህ ይሁን። ካልሆነ ስልክ ሲደወል ማንሳት ያስቸግራል።

ለኮምፒውተር፦ ቀኝና ግራ ቀስት ጉድጓድ ለመምረጥ፣ ላይና ታች ረድፍ ለመቀየር፣ ኢንተር ለመጣል፣ ከ1 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች የየጉድጓዱን ብዛት ለመስማት። ሦስት ቁልፍ በአንዴ የሚያስጫን ትዕዛዝ አይኑር፤ ብዙ ርካሽ ኪቦርዶች ሦስተኛውን አንዳንዴ አይቀበሉም።

ሰብሳቢ (ደሴ)፦
በዚህ ከተስማማን 10 ኮምፒውተር የሚለው ትርጉም የለውም። 2 ያገለገለ ላፕቶፕ፣ 1 ዩኤስቢ ማይክ፣ 6 ባለ ገመድ ኢርፎን ይበቃል፤ ብሉቱዝ ስለሚዘገይ ለሙከራ አይሆንም። የቀረው ለድምፅ ሰጪዎች፣ ለአርታኢና ለሞካሪዎች ትራንስፖርት ይዙር። ከኮምቦልቻ ደሴ ለሚመላለስ አባል መንገድ የሚመራውም ሰው ትራንስፖርት ይታሰብ፤ ይህ ሁልጊዜ ይረሳል።

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሶፍትዌር ተማሪዎች እንጠይቅ። ተማሪ ይመረቃል፣ ይሄዳል፤ ኮዱ ከመጀመሪያው ቀን በማኅበሩ አካውንት ይቀመጥ። ታዋቂው የድምፅ ጨዋታ ፓፓ ሳንግሬ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአይፎን ወጥቶ ዛሬ አፕ ስቶር ላይ የለም። ኮዱም ያልተቆረጠው ቀረጻም በሁለት ቦታ፣ አንዱ ደሴ አንዱ ኮምቦልቻ ይኑር።

ገንዘብ ያዥ (ደሴ)፦
ተስማምቻለሁ። የፕሌይ ስቶር ምዝገባ 25 ዶላር ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ስለሚጠይቅ ለብቻው መስመር እሰጠዋለሁ።

የፕሮግራም ክፍል (ኮምቦልቻ)፦
አካውንቱ በግለሰብ ስም አዲስ ከተከፈተ ጉግል 12 ሞካሪ ለ14 ተከታታይ ቀን ይጠይቃል። 12ቱ ተመዝግበው መቆየት አለባቸው፤ አንድ ሰው መሃል ላይ ከወጣ እንዳንቸገር 16 እንመዝግብ።

ፀሐፊ (ደሴ)፦
ረቂቁ ላይ አስገብቻለሁ፦ ገበጣ፣ በኤንቪጂቲ፣ ለአንድሮይድና ለዊንዶውስ፣ በአንድ ስልክ ሁለት ሰው የሚጫወተው። በኢንተርኔት መጋጠም በዚህ ዙር የለም፤ የሰርቨር ወርኃዊ ክፍያ የሚሸፍን የለንም። ያልተቋጨው ድምፅ ሰጪው ወንድ ይሁን ሴት ወይስ ሁለቱም የሚለው ነው፤ ሁለቱም ከተባለ 220ው ቅጂ 440 ይሆናል። ለማይኩና ለላፕቶፖቹ ሦስት ሦስት ፕሮፎርማ እስከ ሐሙስ አምጡልኝ።